ድንኳን ተክለናል ያልን ጊዜ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የደወለችው ሚስ ዲያን ናት፤ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች በየሰመሩ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው የሚሰነብቱበትን ፌስቲቫል የምታዘጋጀው ሴትዮ። ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳንለዋወጥ «የዘንድሮው የጽሑፍ ድንኳን ያንቺ ነው፤ አንቺ ነሽ የምታስተምሪው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም፤ እየጮህኩ ነበር። ወንድሜ ናቲ ከቁርሱ ቀና ብሎ «ምን ሆነች ይቺ?» አለ። እናቴ እጇን በፎጣ እየጠራረገች መጥታ አቀፈችኝ። አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። አንድም ቀን ተማሪ ሆኜ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። እና አስተማሪ ሆንኩ! ይሄን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት፤ ጉራ ይመስላል፤ ይምሰል፣ አልሰርዘውም።

ጩኸቴ በረድ ሲልልኝ ግን ትዝ ያለኝ ሌላ ሰመር ነው። አስራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ፌስቲቫሉም ለእኔና ለናቲ የመጨረሻችን ሊሆን ተወስኖ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ጆርጂያ ውስጥ፣ ቻምብሊ በምትባል ከተማ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቴ ታስተምረናለች፤ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከሹፍርናው ሲመለስ እሷ ወደ ሆስፒታል ሥራዋ ትሄዳለች። መኪናዋን ፓርክ አድርጎ ቁልፉን ሲሰጣት ደረጃው ላይ ይሳሳማሉ፤ እኔና ናቲ «ኤጭ!» እንላለን። ቤት የመማሩ ሐሳብ የእናቴ ነበር። አባቴ ከእሷ ጋር ተስማምቶ፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ግን ሳይስማማ የሚኖር ሰው ነው።

ታላቅ ወንድሙ ጋሼ መኮንን ይባላሉ፤ ቤታቸው ሎረንስቪል ነው። አባቴ በዲቪ ሲመጣ ተቀብለው ያኖሩት፣ መንዳት ያስተማሩት፣ ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሲናገሩ አባቴ መሬት መሬት ያያል። «ሰው አሜሪካ ድረስ መጥቶ ልጁን ቤት ይደብቃል? የታመሙ ነው የሚመስሉት» ይሉ ነበር፣ እኛው ፊት። አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ እኔ ዞረው «ትምህርት ቤት ብትገቢ ሥርዓት ትማሪ ነበር» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የቻምብሊ ትምህርት ቤት ‹እርስዎ› ማለት ያስተምራል?» አልኳቸው።

እናቴ በጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር ነካችኝ። ግን እውነቴን ነበር። የእሳቸው ልጆች አባታቸውን «አንተ» ነው የሚሉት፤ ያውም አማርኛ ሲመጣላቸው። እኔ «እርስዎ»ን የተማርኩት ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊደል ገበታው ጋር ነው።

በዚያ ዓመት ግን አባቴ ተሸነፈ። «እሺ፤ ዘንድሮ ይገባሉ» ብሎ ቃሉን ለጋሼ ሰጠ። ጆርጂያ ውስጥ ትምህርት የሚጀመረው ገና ኦገስት ሲገባ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ ነው። ፌስቲቫሉ ደግሞ ጁላይ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ከሐይቁ እንደተመለስን በቀጥታ ወደ ቢጫው አውቶቡስ ነበርን። እናቴ አልተከራከረችም፤ ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ ከማንም ቁጣ በላይ እጠላዋለሁ።

መንገዱን ግን እንዴት እወደው ነበር! ከተማው ካለቀ በኋላ መሬቱ እየቀላ፣ ዛፉ እየበዛ ይሄዳል። መንገድ ዳር ኮክ የሚሸጥ ሰውዬ ጋ ሁልጊዜ እንቆማለን። ጭማቂው እስከ ክርናችን ይወርድና እናቴ «ወንበሩን! ወንበሩን!» እያለች ናፕኪን ትወረውርብናለች። ቀይ ጭቃ ውስጥ የተለወሰ የሚመስል የተቀቀለ ኦቾሎኒም በከረጢት ይሸጣል፤ አባቴ ብቻ ነው የሚበላው። በዚያ ዓመት ኮኩን ስበላ አኩርፌ ነበር የበላሁት፤ ቢሆንም ጣፈጠኝ።

እንደደረስን ድንኳናችንን ተከልን። አባቴ ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። በማግስቱ ቅዳሜ የእቴቴ ዘውዴ የልጅ ልጅ ልደት ነበር። እቴቴ ዘውዴ የእናቴ አክስት ናቸው፤ ከድግሳቸው የቀረን ሰው ቶሎ አይረሱም። ሐይቁ ጋ ሲግናል ስለሌለ አባቴ ኮረብታው ጫፍ ድረስ ሮጦ ወጣና ደወለ። እያለከለከ «እቴቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ነገ መምጣት አንችልም። ድንኳን ተክለናል… ልጆቹ ደህና ናቸው…» ሲል መስመሩ ተቋረጠ። የሚፈልገውን ስለተናገረ እየዘፈነ ወረደ።

አማርኛ የሚሰማ ሰው አሁን ራሱን ይዟል። ለሠርግ የደረሰ ሰው የሌለበት ቤት፣ በአባቴ ስልክ የሚመጣ፣ እቴቴ የማን እንደሆነ ያልለዩት፣ ትንፋሹ የተቆራረጠ ድምፅ፣ «ድንኳን ተክለናል»፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው»። ሌላ ምን ይሆናል?

እቴቴ ለጋሼ መኮንን ደወሉ፤ ጋሼ ለሌሎች። መልሶ ለእኛ ደውሎ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅማ! ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ለብሰው ቻምብሊ ሲመጡ በሩ ዝግ ነው፤ ድንኳንም የለም። ጎረቤታችን ሜክሲኳዊቷ ሴትዮ የፓርኩን ስም ነገረቻቸው። ለምን ፓርክ ሆነ ብለው ተወያዩ፤ «አፓርታማው ድንኳን ከልክሏቸው ነው፣ አንጀት የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች!» ብለው አፓርታማውን ረግመው ወደ ሰሜን ነዱ።

እኔ ውሃው ዳር ከጓደኛዬ ከሊሊ ጋር ነበርኩ፤ ሊሊ ኬኔሶ ከምትባል ከተማ የምትመጣ፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት ልጅ ናት። መኪኖቹ ተከታትለው ሲገቡ አየሁ። ወንዶቹ የታሸገ ውሃ በካርቶን ተሸክመው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። እቴቴ ዘውዴ በባዶ እግራቸው የሚሯሯጡትን ልጆች፣ ባንጆ የሚመታውን ሰውዬ፣ በዛፎቹ መሃል የተገተረው ገመድ ላይ የምትራመደውን ሴትዮ አልፈው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገሰገሱ።

«ሳሚዬን! ወይኔ ልጄን! ሳሚዬን!»

ሳሚ አባቴ ነው። በቁምጣ ሆኖ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ከሐይቁ ወጣ።

«እንዴ እቴቴ! ምን ሆኑ? ማን ሞተ?»

እቴቴ ቀጥ አሉ። ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ምኑን?»

«የሞትከው!»

«ኧረ እኔ ዋና ላይ ነበርኩ!»

«ታዲያ ድንኳኑ ለማን ነው?»

«ልንተኛበት!»

እቴቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እያለቀሱ መስሎኝ ቀረብኩ፤ ሳቃቸው አላስተነፍስ ብሏቸው ነው። «ለሬሳው እንኳን የሚበቃ ሱሪ የለውም!» አሉ ቁምጣውን እያሳዩ፤ ሴቶቹ ሁሉ ተያይዘው ሳቁ።

ጋሼ መኮንን አልሳቁም። ድንኳናችንን ዞረው አዩት፤ ጨርቁን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ሳሙኤል» አሉ፤ ሙሉ ስሙን ሲጠሩት መጥፎ ነው። «እኔ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዚህ ያለ ነገር ሥር እንደተኛሁ ታውቃለህ። ቤት እያለህ፣ በፈቃድህ፣ ልጆችህን ካምፕ ታስገባለህ? ትምህርት ቤት አይሄዱ፣ ቤት አያድሩ። ምንድን ነው የምታደርጋቸው?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ እኔን ይጠይቁኝ። የሚወራው ስለ እኔ ነው።»

«ሰባት ጊዜ ስምንት?»

«ሃምሳ ስድስት። ግን እሱን ማንም ያውቃል። ሌላ ይጠይቁኝ።»

«አፍሽን ማን አስተማረሽ?» አሉ፤ ሊስቁ ሲሉ ተቆጣጠሩት።

የተዘጋጀው ምግብ እንዴት ይመለሳል? ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድፎ ዳቦው፣ ፓስታው ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ላይ ወጣና ሰፈሩ ሁሉ በላ። ሚስ ዲያን ምስር ደገመች። ከምሳ በኋላ፣ እንደ ልማዱ፣ ትልቁ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው መሃል ይቀመጣል፣ ልጆች የፈለጉትን ይጠይቁታል፣ እሱም እውነቱን ይመልሳል። ሚስ ዲያን ጥቁር ሱፍ የለበሱትን እንግዳ አይታ በእጇ ጋበዘቻቸው። ጋሼ እምቢ ሊሉ ሲሉ እቴቴ «ሂድ እንጂ፣ ምሥራች አብሳሪ ሳትሆን መርዶ ነጋሪ ሆነህ ልትመለስ ነው?» ብለው ገፏቸው። ጋሼ እንግሊዝኛቸው ለሥራ እንጂ ለወሬ አይበቃም ብለው ስለሚያፍሩ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ላስተረጉም ሆነ።

ልጆቹ ስለ ሱዳን ጠየቋቸው። ሙቀቱን፣ የአሸዋውን ነፋስ፣ ለውሃ መሰለፉን ተናገሩ። «ድንኳኑ ውስጥ ቀን ቀን ምን ትሠሩ ነበር?» አለች ሊሊ።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «እንማር ነበር» አሉ። «አንዱ እንግሊዝኛ ያውቃል፣ አንዱ ሂሳብ፣ እኔ ደግሞ ኤሌክትሪክ። ያለንን እየተሰጣጣን። እኔ ይቺን ያለችኝን እንግሊዝኛ የለቀምኩት እዚያ ነው።»

«ትምህርት ቤት ነበር?»

«የምን ትምህርት ቤት! እርስ በርሳችን ነው።»

ሊሊ እጇን ሳታወጣ «ኦ! እሳቸውም እንደኛ ሆምስኩልድ፣ ያለ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው!» አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለች?»

ማለሳለስ እችል ነበር። አላለሳለስኩትም።

«‹እርስዎም እንደኛው ነዎት› ነው የምትለው። እኔም እሱን ነው የምለው፣ ጋሼ። እርስዎ ተገደው ነው፤ እኛ ወደን ነው። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ትምህርቱ ግን ትምህርት ነው። እኔ አውቶቡሱ ላይ አልወጣም።»

አባቴ «ሶሲ!» ብሎ ገሠጸኝ። ጋሼ ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።  ከዚያ ከወንበሩ ተነሥተው ወደ አባቴ ሄዱ።

«ቃልህን መልሼልሃለሁ» አሉት። «ለአንድ ዓመት። ከዚያ እናያለን።»

«አንድ ዓመት አይበቃም» አልኩ።

«ይቺን ልጅ አንድ ሰው ይያዝልኝ!» አሉ ጋሼ፤ አሁን ግን ሳቁ። እናቴ ድንኳን ውስጥ ገብታ ዚፑን ዘጋችው። ለምን እንደገባች ገብቶኛል፤ ተከትዬ አልገባሁም።

አንዱ ዓመት ሲያልቅ ማንም አላነሣውም። ጋሼ መኮንን ሐሳባቸውን ለወጡ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም «ታዲያ ዲፕሎማው ከየት ይመጣል?» ይሉኛል፣ እኔም እመልስላቸዋለሁ፤ እንከራከራለን። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲከራከሩ ከአባቴ ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር ነው። ስለ ልጅ ሲወራ ልጁን መጠየቅ፤ ለእኔ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። ሰዎች አሁንም በየሱቁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» ሲሉኝ፣ ድሮ አባቴን አይ ነበር። አሁን «አለ፤ እየተማርኩ ነው» እላለሁ።

ሚስ ዲያን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «የምትፈልጊውን ሰው ሁሉ ጥሪ» ብላኛለች። እኔ የምፈልገው እናንተን ነው። ልጆቻችሁ የትም ይማሩ የት ይዛችኋቸው ኑ። እናንተም ኑ፣ በተለይ «እነዚህ ልጆች ምን ሊሆኑ ነው?» የምትሉት። አማርኛም እንግሊዝኛም እንጽፋለን፣ ወንበር አለ፣ ጥላ አለ። ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ የምትጠይቁት ግን እኛን ልጆቹን ነው።