ቀዩ ወይፈን

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ሰበታ በሙሽርነት ስገባ የኔ የምላት አንዲት ላም ነበረችኝ። መህሬ ናት፤ ኒካው ሲታሰር ባሌ በሽማግሌዎች ፊት የሰጠኝ። እናቴ ስትሸኘኝ ‹‹ቀለብሽም ልብስሽም በባልሽ ጫንቃ ነው፤ ያንቺ የሆነው ግን ያንቺ ብቻ ነው›› ብላኛለች። እኔም ያንን ምክር አልረሳሁም።

ነገሩ ቤቱ የአንድ ድስት ቤት ነበር። የባሌ አባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውና እኛ ሁለቱ ምራቶች በአንድ ግቢ እንኖራለን። ወንዶቹ በጅማ መንገድ እህል ይነግዳሉ፤ ያገኙትን ለአባታቸው ያስረክባሉ፣ ጤፉም ጨውም መድኃኒቱም ከእሳቸው እጅ ይወጣል። ደግ ሰው ነበሩ፤ ሳይለብሱ ያለብሱናል። እኔም ሆዴ ሞልቶ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የምኖረው። ታዲያ ላሜም ከቤቱ ከብቶች ጋር አንድ በረት ገባች፣ ወተቷም ከሌላው ጋር ተናጠ። በዓመቷ ቀይ ወንድ ጥጃ ወለደች። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሙሽራ ምን አፍ አላት!

ጥጃው አድጎ ወይፈን ሲሆን፣ በአረፋ ዋዜማ አማቴ በረቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ‹‹ለነገ ኡድሒያ ቀዩ ይሁን›› አሉ።

ያሳደግኩት እኔ፣ አተላ ያጠጣሁት እኔ። ግን ሐዘኔ ለወይፈኑ ብቻ አልነበረም። ኡድሒያ ተብሎ ለአላህ የሚታረድ ከብት የአራጁ የራሱ ንብረት መሆን እንዳለበት ሕፃንም ያውቃል። ዝም ብል የሽማግሌው ኡድሒያ ሊበላሽ ነው፤ ብናገር ደግሞ በሰው ፊት ላዋርዳቸው፣ ስሜም ስስታም ምራት ሊሆን ነው። ለባሌ ነገርኩት። ‹‹ዝም በይ እባክሽ፣ ዝም አይነቅዝም›› አለኝ። ይኼ ተረት ሰነፍ ያወጣው ነው እላለሁ እስከ ዛሬ።

በማግስቱ ከሶላት ተመለሱ። ወይፈኑን እግሩን አስረው ጣሉት። አማቴ ቢላቸውን ይዘው ጎንበስ ሲሉ አላስቻለኝም።

‹‹አባባ፣ ይቆዩ። የመህሬ ላም ልጅ ነው።››

ትልቋ ምራት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አማቴ ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ባሌ ዞሩ።

‹‹አንተ ታውቅ ነበር?››

‹‹አዎ፣ አባባ።››

‹‹አባትህ የሰው ከብት ሊያርድ ሲል ቆመህ ታያለህ?››

እኔ ደንግጬ ‹‹ሰጥቻለሁ አባባ፣ ይረዱት›› አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም።

‹‹አሁን የሰጠሽኝ ቢላውን አይተሽ፣ ሰውን አፍረሽ ነው። በይሉኝታ የተሰጠ ለእኔ ሐላል አይሆንም፣ ልጄ። ፍቱት።››

ወይፈኑ ተፈታ። በምትኩ የራሳቸው በግ ታረደ፤ ለጎረቤት ተከፋፍሎ ለኛ አጥንት ቀረ። ትልቋ ምራት አጥንቷን እየጋጠች ‹‹ቀዩ ጌታ ግን አማን ነው?›› እያለች ስትቀልድብኝ ዋለች። ውስጤ ግን ዕረፍት አገኘ። አማቴ በሳምንቱ የላሜንና የወይፈኔን የቀኝ ጆሮ ጫፍ ራሳቸው ቆርጠው ምልክት አደረጉባቸው። ከዚያ ወዲህ ወተቷ ሳይቀር ለብቻው ታለበ፤ ጠዋት ጠዋት ባዶ ዋንጫቸውን ይዘው እደጄ ይመጡና ‹‹ባለ ላሟ ፈቅዳልናለች?›› ይሉኛል። ያን የመሰለ ደስታ አልነበረኝም። መቼም ሞልቼ ሳልሰጣቸው ቀርቼ አላውቅም።

የሚቀጥለው አረፋ መጣ። ወይፈኑ ወፍሮ ቆዳው ያብለጨልጫል። ገመዱን ራሴ ይዤ አማቴ ፊት አቆምኩት።

‹‹ይኸው አባባ። ዘንድሮ ማንም አልጠየቀኝም።››

‹‹ከልብሽ ነው?››

‹‹ከልቤ ነው።››

‹‹ከልብሽ?››

‹‹አዎ አልኩ እኮ!››

ሦስተኛም ጠየቁኝ። ‹‹አባባ፣ አንዴ ከደገሙኝ መልሼ በረት አስገባዋለሁ›› አልኳቸው። ልጆቻቸው ተሳቀቁ፤ እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ።

ኡድሒያ ሲታረድ የማን እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ቤት በየዓመቱ የሚነሳው የአማቴ ስም ነው፤ እኔማ አራት ዓመት ሙሉ ለሁሉም ‹‹ሙሽሪት›› ነበርኩ፣ ለእሳቸውም። ጎንበስ አሉ፣ ቢስሚላሂ ብለው ቢላውን አነሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ የእኔን ስም ከነአባቴ ጠሩ።

ስሜን የሚያውቁት አይመስለኝም ነበር።