መልማይ የመጣ ለት

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ የልጅ ልጅ አብዱ ማሊያውን እንደለበሰ እየሮጠ መጣና፣ "እማማ ዘይነባ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ፤ ነገ መልማይ ሊያየኝ ይመጣል!" አለኝ። ፊቱ በደስታ በርቷል። እኔ ግን የያዝኩትን የበርበሬ ሰፌድ ልጥለው ምንም አልቀረኝ። "ከየት ነው የሚመጣው?" አልኩት ደንግጬ። "ከአዲስ አበባ ነዋ፣ ከክለብ!" ብሎ ሳቀብኝ። የዛሬ ልጆች ይህን ቃል እንደ ከረሜላ ነው የሚያጣጥሙት። እዚህ ወልድያ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ግን መልማይ ሲባል ሰምቶ መጀመሪያ ወደ በሩ ሳያይ የሚቀር አይመስለኝም።

በደርግ ጊዜ፣ የሰሜኑ ጦርነት በጋመበት ወቅት፣ መልማይ ማለት ልጅ ለውትድርና የሚወስድ ሰው ነበር። ቀበሌው ኮታ አለበት፤ ኮታው ካልሞላ ገበያውም ሜዳውም ተከቦ ወጣት ይታፈሳል። ተማሪ ነኝ ብሎ መታወቂያ ማውጣት አንዳንዴ ያድናል፣ አንዳንዴ አያድንም። ያኔ የምንኖረው መርሳ ነበር። አባቴ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበረው፤ እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እሱን አግዝ ነበር። ሰይድን የወደድኩትም እዚያው ሻይ እየቀዳሁለት ነው።

ሰይድ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ ለመርሳ ልጆች በተከላካይነት ይጫወታል። ሰው መሃል ዝምተኛ ነው፤ ሜዳ ሲገባ ግን ጩኸቱ እስከ ገበያው ይሰማል። "ሜዳ ለሚውለው ትንሹ ወንድሜ ውሃ ላድርስ" እያልኩ አንድም ጨዋታው አያመልጠኝም ነበር። እናቴ አታውቅም ብዬ ነበር፤ ለካ ታውቅ ኖሯል።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ኮሌጁ ገና አልተከፈተም። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ ልጅ አዋቂው ጥንቅሽ እያኘከ ይውላል። አንድ እሑድ ከደሴ ከመጣው አውቶቡስ ባለ ኮፍያ ጎልማሳ ወረደና ከእኛ ዘንድ ሻይና ፓስቲ አዘዘ። የቀበሌው ጥበቃ ጠጋ ብሎ፣ "ለምን ጉዳይ ነው የመጡት?" ሲለው፣ ሰውየው ምንም ሳይጠረጥር፣ "ለምልመላ" አለ።

ፓስቲውን ገምጦ ሳይጨርስ መርሳ ጭር አለች። ሜዳ ላይ እያሟሟቁ የነበሩት ልጆቻችን ማሽላው ውስጥ ገቡ። ሊገጥሟቸው የመጡት የውርጌሳ ልጆችም አብረው ሮጡ። በረኛችን አንድ እግር ታኬታውን ጥሎ ነው የሸሸው። ሰውየው ሜዳ ደርሶ ሲመለስ ግራ ገብቶታል።

"እህቴ፣ ጨዋታ የለም እንዴ? ሰይድ የሚባለውን ተከላካይ ለማየት ነበር የመጣሁት። በኮሌጆች ውድድር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ክለባችን ይፈልገዋል።"

ልቤ ለሁለት ተከፈለ። እውነቱን ከሆነና ካልጠራሁት፣ ሰይድ ዕድሉ ያመልጠዋል። የጦር ሰው ከሆነና ከጠራሁት ደግሞ በገዛ አፌ አሳልፌ ሰጠሁት ማለት ነው። ስለዚህ መልማዩን ራሴ ልመለምለው ቆረጥኩ።

"ተከላካይ ሲያዩ ምኑን ነው የሚያዩት?" አልኩት።

ሳቅ አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ቁመቱንና ጉልበቱንማ ማንም ያየዋል። እኔ የማየው ሲታለፍ ነው። አጥቂው ካለፈው በኋላ እጁን ወደ ዳኛው ያነሳል ወይስ ዞሮ ይሮጣል?"

"ዞሮ ይሮጣል!" አልኩ፣ አፌን ሳልይዝ።

"እንግዲያው ታውቂዋለሽ። ግራ እግሩስ?"

"ደካማ ነው። ቴስታ ላይ ግን የሚችለው የለም።" ግራ እግሩን ለምን እንዳጋለጥኩበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት እንዲተውልኝ ፈልጌ ይሆናል።

የጦር መልማይ የግራ እግር ነገር አይጠይቅም ብዬ ግራና ወደሚባለው መንደር በሚወስደው መንገድ ሄድኩ። ማሽላው መሃል ገብቼ ስሙን ጠራሁ። ሰይድ ቅጠሉን ገልጦ ብቅ አለ፤ ላብ አጥምቆታል።

"ሰውየው የኳስ ነው፤ አንተን ሊያይ ነው የመጣ" አልኩት።

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ አልልም። ግን ና።"

ላቡን በማሊያው ጠርጎ ቀድሞኝ ሄደ። እሱን አይተው ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ፤ ግማሾቹ ግን እስኪመሽ አልወጡም። በየቡድኑ ሰባት ሰባት ሆነው ተጫወቱ። ሰውየው ጥንቅሽ ተሰጥቶት ቆሞ እያኘከ ያያል። በሁለተኛው አጋማሽ የውርጌሳው አጥቂ ሰይድን አታሎ አለፈው። ሰይድ ዞረ፣ ሮጠ፣ ከጎሉ አፍ ላይ በሸርተቴ ኳሷን አወጣት። ሰውየው ማኘኩን አቆመ። "ግራ እግሩ በልምምድ ይስተካከላል፤ እንዲህ ዞሮ መሮጥ ግን በልምምድ አይመጣም፣ አብሮት የተፈጠረ ነው" አለኝ። ሌላው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ አለቀስኩ። በደስታ ነው ብዬ ለእህቴ ነገርኳት።

በማግስቱ ጠዋት አብረው ሄዱ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ሰይድ፣ "ለከርሞ በጋ እመለሳለሁ፤ ጠብቂኝ" አለኝ። ጠበቅኩ። በጋው ሳይመጣ መንገዱ ተዘጋ፤ ወልድያም መርሳም አንዴ በመንግሥት፣ አንዴ በአማፅያኑ እጅ ይገቡ ጀመር። ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ጆሮዬን ለጥፌ ስሙን እሰማ ነበር፤ "ሰይድ አወጣት" ሲል ደኅና መሆኑን አውቅ ነበር። ያን ቀን ሜዳ ላይ ከነበሩት የመርሳ ልጆች ብዙዎቹ ግን በቀጣዩ አፈሳ ሄዱ፤ ከሄዱት የተመለሱት ጥቂት ናቸው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሰይድ ለእናቱ ለቅሶ መጣ። ከሚስቱ ጋር ነው። እኔም አግብቼ ነበር። "ያን ቀን ባትጠሪኝ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ።

አብዱ ነገ ያልፍ ይሆናል። ዱዓ አድርጌለታለሁ። የእነዚያ ልጆች እናቶች መርዶ ተነግሯቸው አልቅሰዋል፤ ሰፈሩም አብሮ አልቅሷል። የእኔ ሰው ግን በሕይወት አለ፤ ልጆቹን ድሯል ሲሉ ሰምቻለሁ። ደኅና ለሆነ ሰው ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ብቻዬን እናፍቀዋለሁ። ያ እሑድ ዛሬ ቢመለስ ማሽላው ውስጥ ገብቼ ደግሜ እጠራው ነበር። ሰው መጥቶልሃል ከማለቴ በፊት ግን ትንሽ አብሬው እቀመጥ ነበር።