ማኅተም የሌለው ሥጋ

የማቲንዴን ባል ማቻባን የወጋው ጎሽ ነው። በመንደራችን ግን ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። ለቀብር የመጣው ሁሉ «ሆዱን አሞት ነበር» እየተባባለ ተቀመጠ፤ እኔም እንደዚያው አልኩ። ቤቴን ከቤቷ የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ስለሆነ ማቃሰቱን እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ።

ማቻባና ታናሽ ወንድሙ ጌሳቦ ከዱር አራዊት ፓርኩ ወሰን ወዲያ ያጠመዱትን የሽቦ ወጥመድ ሊያዩ ሄደው ነበር። ሽቦው የያዘው ጎሽ በጥሶ ወጣና የማቻባን ጭን ቀደደው። ጌሳቦ ተሸክሞ አመጣው። ሐኪም ቤቱ ሙጉሙ ከተማ ነው፤ የሚያስቸግር ርቀት አይደለም። ነገር ግን የጎሽ ቁስል ይዞ ሐኪም ቤት መግባት «ሳድን ነበር» ብሎ እጅ እንደ መስጠት ነው። ማቻባ ራሱ «አትውሰዱኝ» አለ። «እኔ እስር ቤት ከገባሁ ማን ያርሳል?»

ማቲንዴ በር ዘግታ፣ ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበች፣ ልጆቹን «አባታችሁ ተኝቷል» እያለች አስታመመችው። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር የመጣው ይምጣ ብላ ልታስወስደው ተነሣች። ጌሳቦ በሩ ላይ ቆሞ «ወንድሜ ያለውን ሰምተሻል» አላት። ማቻባ እዚያው መደቡ ላይ ሞተ።

እኛ ኢኮማዎች የኙምቡ ሰዎች ነን። ኙምቡ፣ ያ ጢማም፣ ጀርባው ዘቅዘቅ ያለ የሜዳ አውሬ፣ በበጋ ሜዳውን አጥቁሮ ሲመጣ አያቶቻችን በቀስት ይጠብቁት ነበር። ኋላ ወሰን ተሰመረና ከወሰኑ ወዲያ ያለው የመንግሥት ሆነ። እኛ ግን መብላቱን አልተውንም። ቋንጣውን ከምድጃው በላይ ጭሱ ውስጥ እንሰቅለዋለን። ልጆቻችንን «ምን በላችሁ ሲሏችሁ ቦሎቄ በሉ» እያልን አሳደግን። ትምህርት ቤት ውስጥ በሰንበት ማግስት የመንደሩ ልጅ በሙሉ ቦሎቄ በልቶ ነው የሚውለው።

ባሏ ከሞተ በኋላ ማቲንዴ የአደን ወሬ ሲነሣ ትታ መሄድ ጀመረች። ቂሟ በፓርኩ ጠባቂዎች ላይ ብቻ አልነበረም። ሽቦ እንደ ቀስት አይመርጥም። ያረገዘችዋንም፣ የምታጠባዋንም ያንቃል፤ ባለቤቱ ፈርቶ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ሜዳ ላይ ያበሰብሳታል። ኙምቡው ከዓመት ዓመት እየሳሳ መምጣቱን ሁላችንም እናያለን፤ አፍ አውጥታ የምትናገረው ግን እሷ ነበረች።

«ሜዳውን ከኛ ሰረቁ፤ እኛ ደግሞ ከልጆቻችን እንሰርቃለን» ትላለች።

አንድ ዓመት፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ከከተማ ሰዎች መጥተው ስብሰባ ጠሩ። ሕጉ ተለውጧል አሉ። ከእንግዲህ የዱር ሥጋ እንደ በሬ ሥጋ በልኳንዳ ይሸጣል። ስንት እንደሚታደን ባለሙያ መንጋውን አይቶ ይወስናል። ፈቃድ ያለው ተኳሽ ወንድ ወንዱን መርጦ ይጥላል። የእንስሳት ሐኪም ሥጋውን መርምሮ ሰማያዊ ማኅተም ይመታበታል። ሻጩ የመንደሩ ማኅበር ነው። በምትኩ አዳኞች ሽቧቸውን ያስረክባሉ።

ወንዶቹ ሳቁ። ከሁሉ በላይ በወጥመድ የታወቀው ጌሳቦ ነበርና ተነሣ።

«ሽቦዬን ልስጣችሁ እሺ። ከዚያ ስራብ ማኅተማችሁን ቀቅዬ ልብላ?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ማቲንዴ በሴቶቹ መካከል ተነሥታ ቆመች። ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

«ዋርሳዬ» አለችው፤ «ማቻባን ምን ገደለው?»

ሳቁ ቆመ። ጌሳቦ ዓይኑን ወደ እንግዶቹ ወረወረ።

«ሆዱን ታሞ…»

«ጎሽ ወጋው። የገደለው ግን የዘጋነው በር ነው። እኔ ዘጋሁት፤ አንተ ቆመህ ጠበቅኸው። ሥጋ በቀን የሚበላበት መንገድ ካለ እኔ እሞክረዋለሁ። አንተም ትሞክረዋለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ጌሳቦ የሽቦ ጥቅል በትከሻው ይዞ መጥቶ ደጃፏ ላይ ጣለው።

«ይኸው። የወንድሜም አለበት። ቃልሽ ውሸት ከሆነ ሽቦ ገበያ ሞልቷል፤ ንገሪያቸው።»

«ቃሌ ውሸት አይሆንም፤ ሥጋ ትበላላችሁ» አለችው። እሱ ካስረከበ ሌላው ምን ይላል? የሽቦው ክምር ከማኅበሩ ልኳንዳ ጀርባ የሰው ቁመት አከለ።

የመጀመሪያውን በጋ አልረሳውም። ማቲንዴ የማኅበሩ ሻጭ ሆና፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ ጸጉሯን ሸፍና፣ ማኅተም የተመታበትን ብልት ሰቅላ ትሸጥ ነበር። ወጉን በአጭር ሥልጠና ተምራለች፤ ቢላዋ ታጥባለች፣ ዝንብ ትከለክላለች፣ ማኅተም የሌለበትን አትቀበልም። የተገኘው ትርፍ የትምህርት ቤቱን ጣራ አስከደነ። እኛ ሴቶች ደግሞ ሥጋውን በሳህን ጭንቅላታችን ላይ አድርገን፣ ሳንሸፍነው፣ በዋናው መንገድ በፓርኩ ጠባቂዎች ፊት አለፍን። አንዷ አሮጊት ሥጋዋን ይዛ ኬላው ፊት ለፊት ተቀምጣ አረፈች። ጠባቂው «እማማ፣ ምን ሆኑ?» ሲላት «ምንም አልሆንኩ፤ እዩኝ ብዬ ነው» አለችው። ጌሳቦ እንኳ ከልኳንዳው እየገዛ «ይህ ማኅተም ጨው አነሰው» እያለ ይቀልድ ነበር።

ሁለተኛው በጋም ደህና አለፈ። ከዚያ መመሪያ መጣ። ሥጋው በማቀዝቀዣ መኪና ካልተጓዘ፣ ማረጃው ሸክላ ንጣፍና ማቀዝቀዣ ክፍል ከሌለው ማኅተም አይመታበትም ተባለ። መብራት እንኳ እንደ ፈቀደው በሚመጣበት መንደር ማቀዝቀዣ ክፍል ማን ይሠራል? ሐኪሙ መምጣት አቆመ። ቀጥሎ የማኅበራችን የአደን ኮታ መኪናው ላለው አንድ ባለሀብት መከራየቱን ሰማን። ሥጋው ለሎጅ እንግዶችና ለትልልቅ ከተማ ሆቴሎች ተጫነ። ለኛ ልኳንዳ አልፎ አልፎ የሚደርሰው አንገትና ጎድን ሲሆን፣ እሱም ከፍየል ሥጋ ይወደዳል።

ማቲንዴ ወደ ከተማው መሥሪያ ቤት ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። የተቀበለን ሰው ክፉ አልነበረም። ወንበር ሰጠን።

«እናቴ፣ ለጤናችሁ ነው» አላት። «የተበላሸ ሥጋ ሰው ይገድላል።»

«ልክ ነው፣ ይገድላል። እንግዲያ ማቀዝቀዣው ይምጣልን።»

«በጀት የለም። ስለዚህ ነው ባለሀብቱ የገባው። እናንተ ድርሻችሁን ታገኛላችሁ።»

«ሰዎቹ ሽቧቸውን ሲሰጡኝ ሥጋ ትበላላችሁ ነው ያልኳቸው። ድርሻ ታገኛላችሁ አላልኳቸውም።»

«እንዲህ ብለሽ ቃል ግቢ ያለሽ ማነው?»

ማቲንዴ ከወንበሩ ተነሣች። ስንወጣ ደረጃው ላይ «እንዲህ ይሉሻል እንግዲህ» ብላ ብቻ ቀረች።

በዚያው ዓመት በቆሎው ጠብታ ውሃ ሳያገኝ እርሻ ላይ ደረቀ። ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎው፣ በባዶው፣ ያለ ማባያ የሚበላበት ቤት በዛ። ጌሳቦ ገበያ ሄዶ ሽቦ ገዛ። ሁላችንም አውቀናል። ሚስቱ ቦኬ ቤት ጭስ ሲበዛ ማንም ምን ትቀቅያለሽ አላላትም። ልጆቹ ቦሎቄ መብላት ጀመሩ።

በመጨረሻ ጠባቂዎቹ ጌሳቦን ከመንደሩ ዳር የኙምቡ የኋላ እግር በጆንያ ይዞ አገኙት። «ከየት አመጣህ?» ሲሉት «ከማኅበሩ ልኳንዳ ነው የገዛሁት፤ ማቲንዴን ጠይቋት» አላቸው።

ነገሩ እሷ ላይ ወደቀ። ሸጬለታለሁ ካለች ማኅተም የሌለው ሥጋ ሸጠሻል ተብላ እሷ ትታሰራለች፤ የማኅበሩም ፈቃድ ይነጠቃል። አልሸጥኩም ካለች ጌሳቦ ይታሰራል።

ቦኬ ከችሎቱ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃን አዝላ መጣች። እኔ እዚያው ከማቲንዴ ጋር ቅርጫት እየሠራሁ ነበር።

«አላስታውስም በይ» አለቻት። «ሌላ አልለምንሽም። ስንት ሰው ይገዛኛል፣ አላስታውስም በይ።»

«ማኅተም የሌለው ሥጋ ወደዚያ ልኳንዳ ገብቶ አያውቅም፣ ቦኬ።»

«ልኳንዳው አለ እንዴ? ባዶ መንጠቆ ነው ያለሽ።»

«ዛሬ ባዶ ነው። ፈቃዱ ካለ ነገ ይሞላል።»

«ነገ» አለች ቦኬ። ሕፃኑን አስተካክላ አዝላ ወጣች።

ችሎቱ ላይ ሥጋው ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ዳኛው «ይህ ሥጋ ከናንተ ልኳንዳ የተሸጠ ነው?» ብለው ጠየቋት። ማቲንዴ ጠጋ ብላ አየችው። ጌሳቦን አላየችውም።

«አይደለም» አለች። «ማኅተም የለውም።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቅንቀው ሊያሰናብቷት ነበር። እሷ ግን ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፣ ከሰኮናው በላይ ያለውን ቦታ በጣቷ አሳየች።

«ሽቦ ነው የያዘው። ቁስሉ ይኸውና። ብዙ ሲታገል ነው የቆየው።»

ሰው ያልማራት ለዚህ ነው። «ማኅተም የለውም» ብላ ብታቆም ጌሳቦ ያልተፈቀደ ሥጋ ይዞ ተገኘ ተብሎ ቀለል ባለ ቅጣት ይወጣ ነበር ይላሉ ነገር አዋቂዎቹ። የሽቦው ነገር ሲጨመርበት ፓርክ ውስጥ አጥምዷል ተባለ፤ ሦስት ዓመት ፈረዱበት። «ማን ጠየቃት?» አለ መንደሩ። ወፍጮ ቤት ሰልፍ ስትይዝ ከኋላዋ የሚቆመው ሰው ራቅ ብሎ ይቆም ጀመር። ለቦኬ ልጆች ዱቄት ብትልክ ቦኬ ተቀብላ፣ ተላኪዋ እያየች፣ ለዶሮዎቿ በተነችው። በዚያ ረሃብ ዱቄት ለዶሮ። ማቲንዴ በሚቀጥለውም ሳምንት ላከች፤ እሱንም ዶሮዎቹ በሉት።

ፈቃዱም ቢሆን አልተረፈም። በተከታዩ በጋ ማቀዝቀዣ ክፍል የለውም ተብሎ ልኳንዳው ታሸገ። አሁን አንድ ወጣት ስልክ ቻርጅ ያደርግበታል። የባለሀብቱ ነጭ መኪና ግን ኙምቡ በመጣ ቁጥር ሥጋችንን ጭኖ በመንደራችን መሀል ያልፋል። በሕግ ነው፤ ማኅተም አለው።

ጌሳቦ ተፈትቶ ሲመጣ ከስቶ፣ ጥርሱ ረግፎ ነበር። መጀመሪያ ወደ ቤቱ ገባ። በበነጋው በቀትር ማቲንዴ ደጅ ቆመ። አጥሩ አጠገብ ልብስ እያሰጣሁ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ዋርሳዬ።»

«ጌሳቦ። እግዜር ይመስገን። ግባ፣ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ‹አይደለም› ብለሽ ብታቆሚ ምን ነበረበት?»

«ምንም አልነበረበትም።»

«ዳኛው አልጠየቁሽም።»

«አልጠየቁኝም። ተናድጄብህ ነበር። በስሜ ተሸሽገህ እኔን ወደ እስር ቤት ልትገፋኝ ነበር። ቁስሉን ሳየው ደግሞ ማቻባ ትዝ አለኝ፤ አንተ ግን ዳግመኛ ሽቦ ነካህ። ከዚያ አፌን መያዝ አልቻልኩም።»



«ቃልሽን ጠብቄ ሁለት በጋ ሽቦ አልነካሁም። ልጆቼ እየተራቡ ሁሉ አልነካሁም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ቃልሽን ያጠፋሽው አንቺ እንዳልሆንሽም አውቃለሁ። ያጠፉትን ግን የት አገኛቸዋለሁ? ስማቸውን አላውቅ። መኪናቸው ሲያልፍ አቧራውን ነው የማየው። ፊቴ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ይህን ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሲተላለፉ ሰላምታ የለም። አምና ልጁን ሲድር መንደሩን በሙሉ ጠራ። የወንድሙ ሚስት፣ የቤቱ ትልቅ ሴት፣ ሳትጠራ ቀረች። ከበሮው እስከ ቤቷ ይሰማል። እኔ ልሂድ አልሂድ ስል «ሂጂ፤ ከጎረቤት ሁለት ሰው አይቅር» ብላ ገፋችኝ።

ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ሰዎች መጡ። አዲስ መመሪያ፣ አዲስ ማኅበር፣ በተለይ ለሴቶች። በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ እንደሚሰጡን ነገሩን፤ ሥዕሉንም አሳዩን። ማቲንዴ ከኋላ፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጣለች። ከፊት የነበረች አንዲት ሙሽራ ዞር ብላ «ማማ፣ እርስዎ ያውቁታል። እንመዝገብ?» ብላ ጠየቀቻት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ስንት ዓመት ማንም ምንም ጠይቋት አያውቅም።

«ኮታው በማን ስም እንደሚሆን ጠይቋቸው» አለች ማቲንዴ።

ሙሽራዋ ጠየቀች። ሰውየው «እሱ በጥናት ላይ ነው» አለ።

አንዳንዶቹ ሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሡ ተመዘገቡ። እኔም ተመዘገብኩ፤ የዘንድሮው በቆሎም ያን ያህል አያስተማምንም። ዞር ብዬ ሳይ ማቲንዴ የተቀመጠችበትን ጨርቅ አራግፋ አጥፋለች። ደመናው ከበድ ብሎ ነበርና ፍየሎቿን ልታስገባ ወደ ቤቷ ሄደች።