ስምንቱ ኮምፒውተሮችና ወፍጮ ቤቱ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም፤ የተጣላም የለም። ነፋስ ስልክ ከተከራየነው ቤት ውጭ ጉዳቱን ያወቀም ያለ አይመስለኝም። ግን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ይኸው ነው የሚታየኝ።

ታላቅ እህቴ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስለ ጎርፍ ታጠና ነበር። ስሌቱ ለአንድ ኮምፒውተር ስለሚከብድ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የተዋቸውን ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮች ተውሳ በገመድ አያያዘቻቸው። ሥራውን ይካፈላሉ። ነገር ግን አንዱ ከጠፋ የቀሩት እሱን ሲጠብቁ ይቆማሉ፤ ስሌቱም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። እሷ ሥራ ስትውል እኔ እጠብቃቸዋለሁ። እንዳይግሉ ክዳናቸውን አውልቄ ቬንትሌተር አዞርባቸዋለሁ፤ የአንዱ ድምፅ ከተለወጠ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። እህቴ ማታ ስትመለስ “ሁሉም ደህና ናቸው” ማለት ደስ ይለኝ ነበር።

ብዙ ጊዜ ግን አልልም። ከአጥሩ ማዶ ወፍጮ ቤት አለ፤ መስመራችን አንድ ነው። ወፍጮው ሲነሳ መብራቱ ይደክምና ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ይጠፋል። ስሌቱ ደግሞ ሦስት ቀን ሳይቋረጥ መሄድ ነበረበት። ክረምቱን ሙሉ ስንጀምር፣ ሲቋረጥ ጳጉሜን ደረሰ። እህቴ የመጨረሻው ማራዘሚያ ተሰጥቷት ስለነበር፣ ውጤቱን ከአዲስ ዓመት በፊት ካላስገባች ከትምህርቱ ትሰረዛለች።

በመጨረሻ ሄዳ ባለወፍጮውን ለመነችው። የበዓል ገበያው እንደሆነ እያወቀ ሦስት ቀን ሊዘጋላት ተስማማ።

በሦስተኛው ቀን እህቴም ከሥራ ቀርታ ቤት ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። በርበሬና እህል የያዙ ሴቶች ናቸው። ባለወፍጮው “እነሱ ከፈቀዱ አስነሳለሁ” ብሎ ልኳቸዋል። አንዷ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየችና “እናንተስ ቤት ሌት ተቀን የሚፈጨው ምንድን ነው?” አለች። ሌሎቹ ሳቁ፤ እህቴም ሳቀች።

እስከ ማታ ብቻ እንዲታገሡን ለመንኳቸው። ከመካከላቸው ትልቋ፣ ከፉሪ በአህያ ጭነው ሲመላለሱ የሰነበቱ አሮጊት ነበሩ። አልተቆጡም።

“ልጄ፣ ከመሸ መንገዱን አልችለውም” አሉ ብቻ።

እህቴ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ እሳቸውን። “ያስፈጩ፣ እማማ” አለች።

“እትዬ፣ ትንሽ እኮ ነው የቀረው።”

“አውቃለሁ። በየትኛው ዓይኔ አይቼ ነው የምመልሳቸው?”

ሴቶቹ መርቀዋት ሄዱ። እኔ ሮጬ አምፖሉን አጠፋሁ፤ ቬንትሌተሩን ነቀልኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ወፍጮው ተነሳ። መጀመሪያ ሁሉም ጸንተው ሲቆዩ ተስፋ አደረግኩ። ከዚያ በር አጠገብ ያለው ጠፋና ብቻውን እንደ አዲስ ይነሳ ጀመር። የቀሩት መብራታቸው እየበራ ዝም ብለው ይጠብቁታል። የበርበሬው ብናኝ በመስኮት ገብቶ አስነጠሰኝ።

“ይማርሽ” አለች እህቴ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ሦስት ቀን እንደማይተርፈን እያወቀች ስሌቱን እንደገና አስጀመረችው። እኔም ቬንትሌተሩን መልሼ ሰካሁ። ማስረከቢያው ቀን ደርሶ ሲያልፍ ኮምፒውተሮቹ ገና እየሠሩ ነበር። ስሟ ተሰረዘ። አንድ በአንድ አጥፍተናቸው፣ በኪራይ ፒካፕ ጭነን ለመሥሪያ ቤቱ የመለስናቸው መስከረም 5 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው።