ጳጉሜን የጎደለበት ዝርዝር

የነቀዝ ክኒን ጋዝ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ክኒኑን በጆንያዎቹ መካከል ታስቀምጣለህ፣ ክምሩን በላስቲክ ትሸፍናለህ፣ የመጋዘኑን መስኮትና በር ዘግተህ ትወጣለህ። ክኒኑ በእርጥበት እየሟሟ ጋዝ ይሆንና ነቀዙን ይፈጀዋል። ነቀዝን ከሰው አይለይም። በእኛ በደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ ሥራውን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ አሥር ቀን ማንም እንዳይገባ እናደርጋለን። ይህን ሥራ ከያዝኩ ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ሰው አልተጎዳብኝም ነበር። ሰው የተጎዳው ሥራችን ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ጥፋቱን ግን በኮምፒዩተሩ ላይ ጥዬ ብቀመጥ ውሸታም እሆናለሁ፤ ይህንን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የገበሬዎች ዩኒየን የእህል መጋዘን ኃላፊ ነኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት መርጡለ ማርያም አጠገብ በተወለድኩበት መንደር፣ ከአንድ የኔታ ዘንድ ነው። የፈረንጁን ቁጥር ጆንያ ላይ የተጻፈውን እያየሁ ራሴን አስተማርኩ። በዚህ እኮራ ነበር። ልጆቼን ያሳደግኳቸው በቁጣ ነው፤ ሰነፍ አልወድም፣ የሚያውቀውን የሚደብቅ ደግሞ ከሰነፍም ይብስብኛል እያልኩ። ትልቋ ልጄ እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ጨረሰችና በዩኒየኑ ዋና ቢሮ መረጃ የምታስገባ ሠራተኛ ሆነች። እሷ መሀል ከተማ ቢሮ፣ እኔ ከከተማው ዳር መጋዘን፤ የምንገናኘው ማታ ቤት ነበር።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ቦርዱ ከአዲስ አበባ አማካሪዎች ቀጠረ። የመጋዘኑን ሥራ በሙሉ ሶፍትዌር ውስጥ ሊያስገቡት ነው ተባለ። ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ተሰበሰቡ። እኔን የጠራኝ የለም። በኋላ ቢሮ ስገባ የመጋዘኑን ሥራ ሰሌዳ ላይ በሣጥንና በቀስት ሥለውት አየሁ። እህሉ ከሣጥን ወደ ሣጥን ይሄዳል። ሰው የሚባል ነገር ሥዕሉ ላይ የለም።

ከአማካሪዎቹ አንዱ ግን በአራተኛው ቀን በዝናብ፣ በጭቃ፣ በዚያ በስስ ጫማው እኔ ዘንድ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፣ ይህን አልክድም። እርጥብ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ማስታወሻውን ከፈተ።

«አባት፣ መጋዘኑን የሚያስተዳድሩት እንዴት ነው? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«በቁልፍ» አልኩት።

ጫኝና አውራጆቹ ሳቁ። አለቃቸው፣ ከእኔ እኩል የሸበተ የድሮ ወዳጄ፣ ከሁሉም አብልጦ ሳቀና «ጻፈው እንጂ ልጄ፣ ሰውየው ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም» አለው። ልጁም ሳቀ። ከዚያ ብዕሩን እንደያዘ ጠበቀኝ። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁት። ቀድሞ የሰለቸው እሱ ነው፤ አመስግኖኝ ሄደ። ያን ቀን ያሸነፍኩት መስሎኝ እራቴን በደስታ በላሁ።

ሐምሌ ላይ ሥልጠና ተሰጠ። ልጄ ከፊት ሆና የኮምፒዩተሩን መስኮት በግድግዳው ላይ ታሳየናለች። እህል ሲገባ ቀኑ ይመረጣል፣ መድኃኒት ሲደረግ ቀኑ ይመረጣል፤ ሶፍትዌሩ ራሱ አሥሩን ቀን ቆጥሮ መጋዘኑ መቼ እንደሚከፈት ይናገራል። ጥሩ ነገር ነው ብዬ በልቤ አደነቅሁ። ከዚያ የወሮቹን ዝርዝር ከፈተችው። ከመስከረም ጀምሬ በዓይኔ ተከተልኩት፤ ነሐሴ ላይ ሲደርስ አለቀ። እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ናቸው። ሶፍትዌሩ የውጭ ነው፤ የወሮቹን ስም ወደ እኛ ሲመልሱት አሥራ ሁለቱን በአሥራ ሁለቱ ቀይረው አቁመዋል። ጳጉሜን የለችም።

ዙሪያዬን አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ይነካካል። ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልጄም በአዲስነቱ ተደስታ አላስተዋለችም። እጄን ማንሳት ብቻ ይበቃኝ ነበር። አላነሣሁም። ጳጉሜን ትምጣና ይዋረዱ አልኩ። ያሰብኩት ትንሽ ውርደት ነው፤ ሪፖርቱ ተበላሽቶ ሥራ አስኪያጁ ቦርድ ፊት ሲቆም። ክኒኑ ትዝ አላለኝም። እውነቱ ይህ ነው፣ ነፃ ግን አያወጣኝም።

ሌላም አለ። ድሮ መድኃኒት የተደረገበት መጋዘን በር ላይ በጠመኔ ትልቅ መስቀለኛ ምልክት አድርጌ የሚከፈትበትን ቀን እጽፍበት ነበር። ፊደል የማያውቅ ጫኝ እንኳ ምልክቱን ካየ አይጠጋም። ቁልፉም ከኪሴ አይወጣም። ሥልጠናው ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ በር ላይ መሞነጫጨር ይቅር፤ ሁሉም ሲስተሙ ላይ አለ፤ ቁልፎቹም ቢሮ ይሰቀሉ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሟገተው ነበር። ያን ቀን ግን እሺ አልኩ። ቂም የያዘ ሰው መታዘዝ ሲጀምር ያስፈራል። ያን ጊዜ ግን እኔን የፈራ አልነበረም።

ጳጉሜን ሁለት ቀን፣ በሩፋኤል ዋዜማ፣ ለዚሁ ሥራ ከሠለጠነ አንድ ባለሙያ ጋር ሆነን ሦስተኛው መጋዘን ውስጥ ክኒኑን አደረግን። ጫኞቹ ሥራ ስላልነበረ ለበዓሉ ወደየአገራቸው ሄደው ነበር። በሩን ዘጋሁ። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነበር፣ በጣቴ ነካሁት። ቁልፉን ቢሮ ሰቀልኩና ቀኑን የጻፍኩበትን ወረቀት ለልጄ ላክሁላት።

ማታ እራት ላይ ተጨንቃ ነገረችኝ። ጳጉሜንን ብትፈልግ አጣች፤ ለአማካሪው ደወለች፤ እሱም ለጊዜው ነሐሴ ሁለት ብለሽ አስገቢው፣ ከበዓል በኋላ እናስተካክለዋለን አላት። «ልክ ነው አባዬ?» አለችኝ። «ያሉሽን አድርጊ» አልኳት። በልቤ ግን፣ ይኸው መጣላቸው፣ እያልኩ ነበር፤ በበዓል ሰሞን ጭነት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

በዓሉን እህቴ ዘንድ መርጡለ ማርያም ዋልኩ። መስከረም ሦስት ቀን ጉንደ ወይን ላይ መኪና ቀይሬ ወደ ማርቆስ በሚኒባስ ስመለስ ልጄ ደወለች። ድምፅዋ የደስታ ነው። «አባዬ፣ ደከመኝ ካሉ እዚያው አንድ ቀን ይደሩ፣ አይቸኩሉ። ለወፍጮ ቤቱ የሚሄደውን እህል፣ ሲስተሙ ሦስተኛው መጋዘን ዝግጁ ነው ስለሚል፣ ከዚያ እየጫኑ ነው» አለች።

የሚከፈተው መስከረም ሰባት ነበር። ሶፍትዌሩ ግን አሥሩን ቀን ከነሐሴ ሁለት ጀምሮ ቆጥሮ፣ ገና በነሐሴ ጨርሶታል፤ ልጄም ቀን መቁጠሩን ለእሱ ትታለች።

እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። «ሩጪ፣ ጋዝ አለበት፣ አስወጫቸው፣ አንቺ እንዳትገቢ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ለወዳጄ ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሣም። ሲሸከም ኮቱን ከነስልኩ አውልቆ መኪናው ላይ ይሰቅላል፤ ይህንንም አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ተሳፋሪው እንኳን አደረሳችሁ ይባባላል፣ ሾፌሩ ዘፈን ከፍቷል፣ በመስኮቱ ማሳው አደይ አበባ ለብሶ ቢጫ ሆኖ ያልፋል። እንዲያ ያማረ አገር እንዲያ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ልጄ ከባጃጅ ውስጥ ደወለች። ስልኩን ሳትዘጋው ሁሉን ሰማሁ፤ ሞተሩን፣ ትንፋሿን፣ ወርዳ ስትሮጥ የኮቴዋን ድምፅ። «በሩ ክፍት ነው» አለች። «ነፋሱን ከኋላሽ አድርጊ፤ ከዚያ ጩኺ» አልኳት። ስማቸውን እየጠራች ጮኸች። ወዳጄና አንድ ጫኝ እየተንገዳገዱ ወጡ። ሌላው ጫኝ ከክምሩ ሥር ወድቆ ቀርቷል አሉ። «ጋሼ ተመልሰው ገቡ» አለች። ወዳጄን ማለቷ ነው። ትንሽ ቆይታ «እየጎተቱት ነው፣ መጡ፣ በሩ ላይ…» አለች። ኔትወርኩ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ማርቆስ እስክገባ ማንንም አላገኘሁም።

የወደቀው ጫኝ በሁለተኛው ቀን ተሻለው። ወዳጄ ግን ሰውየውን ደፉን አሻግሮ ራሱ እዚያው ነበር የወደቀው። ሐኪሙ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለውም፣ ልቡና ሳንባው ከቻለ ይችላል፣ መጠበቅ ነው አለን። ሚስቱ አልጋው ሥር ተቀምጣ ምንም አልጠየቀችኝም። እኔ መጋዘን ኃላፊ ነኝ፤ መጠየቅ የነበረባት እኔን ነበር።

መስከረም አምስት ቢሮ ተሰበሰብን። አማካሪው ከአዲስ አበባ መጥቷል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀት አነበበ፤ ስሕተቱ የመረጃ አስገቢዋ እንደሆነ ይላል። ልጄ ቆማ ሰማችው። አማካሪው እጁን አነሣና፣ ነሐሴ ላይ አስገቢ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ቀኑ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ስሕተቱ የእኔ ነው አለ። በልጅነቱ ያንን አለ። እኔ ፂሜን እየዳበስኩ ተቀምጫለሁ። የገዛ ልጄ ቆማ እየተወቀሰች፣ የምወቅሰው እንግዳ የራሱን ጥፋት እየተናገረ፣ ዝም አልኩ። ውሳኔው ለከሰዓት ተቀጠረና ወጣን።

በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ወዳጄ ኦክስጅን ተደርጎለት ነቅቷል። ድምፁ እንደ ደረቅ ገለባ ነው።

«በሩን አየሁት» አለኝ። «ምልክትህ አልነበረበትም። ክምሩም ክረምቱን ሙሉ ጣሪያው ሲያፈስበት በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው፤ ምን ይነግረኛል። ምልክትህ የለም ብዬ ገባሁ።»

ወረቀቱን አላነሣም። ሲስተሙን አላነሣም። የተማመነው በእኔ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ወሮቹን መቁጠሬን፣ ዝም ማለቴን፣ ጠመኔውን። ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ሌላስ?» አለኝ።

«ምን ሌላ?»

«ሌላስ እያወቅህ የዘለልከው አለ? እነዚያ ልጆች ነገም ይሸከማሉ።»

አለ። ከሐምሌ ጀምሮ የማውቀው ነገር አለ። ሶፍትዌሩ ለስንዴ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። አንደኛው መጋዘን ውስጥ መርዝ የተቀባ የዘር ስንዴ አለ፣ አጠገቡ የሚበላ ስንዴ አለ፤ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ስንዴ ናቸው። መርዙ ቀይ ቀለም አለው፣ ጆንያው ካልተከፈተ ግን ማን ያያል። እኔ በክምሩ ቦታ አውቃቸዋለሁ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ወፍጮ ቤቱም ዛሬ የጎደለውን ጭነት ሊወስድ ሌላ መኪና ይልካል።

ይህን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ።

ባጃጅ ይዤ መጀመሪያ መጋዘን ሄድኩ። መኪናው ደርሷል፣ ጫኞቹ አንደኛው መጋዘን በር ላይ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመዋል። ቁልፉን ከእጃቸው ቀማሁ። ከዚያ ቢሮ ገባሁና በሁሉም ፊት ተናገርኩ፤ ሐምሌ ላይ ጉድለቱን ማየቴን፣ ደስ ብሎኝ ዝም ማለቴን። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ። ሆቴሉ ስብሰባ ላይ እኔን አለመጥራቱ ስሕተት እንደነበር እንዲገባው ፈልጌ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ለእሱም ለእኔም ጊዜው አልፎ ነበር።

ሰዎች አማካሪ ከፍለን ምን አተረፍን ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ዘንድ የመጣው ልጅ የሸጠልን የተነገረውን ያህል ነው። ያልነገርኩት ሁሉ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ በዚያ ባዶ ሰዎች ገቡበት። አማካሪ የሚቀጥር ሁሉ ቁልፍ የያዘውን ሰው ያስጠራ እላለሁ። ቁልፍ የያዘውም ሲጠየቅ ይመልስ፤ ሳይጠየቅም ይናገር።

አማካሪው ምንም አልወቀሰኝም። ኮምፒዩተሩን ወደ ልጄ ገፋና እርስዎ ይንገሯት፣ እሷ ትጻፍ አለ። ልጄ ከፊቴ ተቀመጠች። ከዘሩና ከምግቡ ስንዴ ጀመርኩ። የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ አንድ ጎኑ ተንዶ የቆመውን ክምር፣ ከወለሉ ውኃ የሚመጣበትን ጥግ ነገርኳት። ሁለት ሰዓት ያህል ስናገር አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም። ውኃ ልጠጣ ቆምኩ። በበሩ በኩል አንድ ሰው ብቅ ብሎ የወዳጄ ሚስት በስልክ እየፈለገችኝ እንደሆነ ነገረኝ፤ ልነሣ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

ልጄ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ እንዳደረገች፣ «የሚነግሩኝ ሌላ ነገር ካለ ይጨርሱልኝ፤ ከዚያ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን» አለችኝ።