ያልተነፋ ስንዴ ብስኩት

የ1980 ዓ.ም. የኢድ ዋዜማ ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ እንደጠቆረ ዋለ እንጂ ጠብ አላለም። ከአቃቂ ወንዝ ማዶ የሚነሣው ነፋስ የግንቦትን አቧራ እየጠረገ የጀዋሂርን ቆርቆሮ ጣሪያ ያንኳኳል። እሷም በተንኳኳ ቁጥር እጇን ከሊጡ አውጥታ በሩን ታያለች።

ከራሷ በላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ልጇ ደርዊሽ ተኝቷል። ወጣቱ ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ መጫን ከጀመረ ወዲህ እዚያ ሸሽጋዋለች። ለጠየቃት ሁሉ «ደሴ፣ አጎቱ ጋ ሄዷል» ትላለች። ሾፌር የነበረው ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው።

ደርዊሽ ከልጅነቱ ፉርሽካ ያለበት ነገር ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሲያቃስት ያድራል። ኮርኒስ ላይ ደግሞ ማቃሰት አይቻልም። ስለዚህ ጀዋሂር ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በራሽን የምታገኘውን ፉርኖ ዱቄት በሙሉ ለሱ ነጭ ዳቦ ታደርገዋለች።

በዓሉ ግን ደረሰ። በየኢዱ ለጎረቤት ሁሉ ብስኩት ትልካለች፤ እነሱም በፋሲካ ድፎ ይልኩላታል። ዘንድሮ ብትቀር «ምን ሆና ነው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ከወሎ የተላከላትን ስንዴ ሳትፈትግ አስፈጨችው፤ ወንፊትም አላስነካችውም። ዱቄቱ ውኃ ጠጪ ነው። ከሌላው ጊዜ ለስለስ አድርጋ ከስኳርና ከዘይት ጋር አሸችው፣ ሄል ጨመረችበት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ እስኪያርፍ ጠበቀች። ከዘይቱ ሲወጣ ቡናማ ሆነ፤ ሽታው አዲስ የተቆላ ስንዴ ነው። ቀመሰችው፤ ከነጩ በለጠባት። ለአፍታ ፍርሃቷን ረሳች።

በማግሥቱ ሳህኗን ይዛ ጎረቤቷ ጠጄ ቤት ገባች። የኅብረት ሱቁን ዱቄት የምትመዝነው ጠጄ ናት። አብዮት ጥበቃው ወንድሟ አምባው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ተቀምጧል።

«ምነው ሴትዮ፣ በበዓል ፉርሽካ ታበይናለሽ? ላም አደረግሽን እንዴ?» አለች ጠጄ። ገመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። «ውይ! ይሄማ ከነጩ ይጥማል። ታዲያ ያን ሁሉ ፉርኖ ዱቄት ምን በላው?»

«እኔው ነኛ።»

«አንቺ? ነጭ ዳቦ ጥጥ ጥጥ ይለኛል ስትዪ አልነበር? ዱቄት ጨራሹማ ደርዊሽ...»

ሳቋ መሐል ላይ ቀረ። ወንድሟን አየችው።

አምባው ብስኩቱን አገላብጦ ተመለከተ። «ልጅዎ ደሴ ነው ያሉኝ፣ እትዬ ጀዋሂር?»

«ደሴ ነው። አጎቱ ጋ።»

«ጥሩ» አለና ሁለተኛውን አነሣ። «እጅዎ ይባረክ፣ ይጣፍጣል።»

ጀዋሂር ሳህኗን እንኳ ሳትቀበል ሮጣ ተመለሰች። በቀትር፣ መንገዱ በበዓል ሰው ተሞልቶ፣ የት ትውሰደው? «እማ፣ ምን ሆነሻል?» አላት ከላይ። «ዝም በል፣ ልጄ» ብቻ አለችው።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ምንም አልጠየቋትም፤ መሰላል ይዘው ነበር የመጡት።

ጠጄ ሳህኑን ስትመልስ ከደጅ ቆማ አለቀሰች። ጀዋሂር አልተቆጣቻትም፤ ሳህኑን ተቀብላ በሩን ዘጋች። ከደርዊሽ አንድ ደብዳቤ ከአሥመራ መጣ፤ ሌላ አልመጣም።

ጀዋሂር ዛሬም አቃቂ፣ እዚያው ቤት፣ ብቻዋን ትኖራለች።