ፈኪ ማህጁብ የዋጠው ውሃ

ቅሉ ከብኸይታ ቀኝ እጅ አምልጦ ተወረወረ። ውሃው ግን መሬት አልደረሰም። ግማሹ በፈኪ ማህጁብ ጺም ላይ አረፈ፤ ግማሹ አፉ ውስጥ ገባ። አፉ እንደ ልማዱ ክፍት ነበር።

ፈኪው ቁርአን ያስተምራል፣ ጂኒ ያባርራል። በኩርሙክ በኩል አሶሳ የገባው ደርቡሾች በተሸነፉ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከሁለቱ ሥራዎቹ የትኛውን እንደሚችል እስካሁን አልተጣራም።

ብኸይታ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀኝ እጇ ሳታዘው ይነሳል፣ ስታዘው ይጠማዘዛል። ግራው ደህና ነው። በግራዋ የማሽላ ገንፎ ቆርሳ፣ ባሚያ መረቅ አጥቅሳ ትበላ ነበር። ጥፋቷ ይኸው ነው።

"በግራ የሚበላ ሸይጣን ነው" አለ ፈኪው፤ ደህናውን እጅ ከወገቧ ጋር አሰረው። ቀኙ የሰነፈው ሥራ አጥቶ ነው አለ። ከዚያ ሰሌዳ ላይ አንቀጽ ጻፈና ቀለሙን በውሃ አጥቦ በቅል ሰጣት። በቀኟ ይዛ ትጠጣ።

"ውሃው ተጠጥቶ እስኪያልቅ ገመዱ አይፈታም።"

አምስት ቀን በየማለዳው ውሃውን ደፋችው። እናቷ ዐዋጢፍ ልታጎርሳት ብትሞክር ከሰው እጅ አልበላም ብላ ጥርሷን ነከሰች። በአምስተኛው ቀን መቆም አቃታት።

በስድስተኛው ማለዳ መንደሩ ተሰብስቦ ሳለ ፈኪው፣ "እጅሽን እዘዢው እንጂ! እጅ ማለት—" ሲል ነበር ውሃው የገባበት።

ጉንጩ ተነፋ። ሊተፋ ዞር አለ።

"ፈኪ!" አለች ዐዋጢፍ። "የአላህ ቃል አይተፋም። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።"

መንደሩ በሙሉ አየው። ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ተጠጣ። ገመዱ ይፈታ" አለች ዐዋጢፍ።

"እሷ ትጠጣው እንጂ እኔ ልጠጣው አልኩ?"

"ወላሂ፣ እኔ የሰማሁት 'ተጠጥቶ እስኪያልቅ' ሲሉ ነው" አለ ሽማግሌው ባቢከር። "አልቋል። ጂኒው ከልጅቷ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ የት እንደገባ ሁላችንም አይተናል።"

ሰዉ ከፈኪው ሁለት እርምጃ ራቀ። ዐዋጢፍ ገመዱን በቢላ በጠሰችው። ብኸይታ በግራ እጇ ገንፎውን ስትቆርስ ማንም አልተናገራት።

ማህጁብ በዚያው ሳምንት ወደ ኩርሙክ ተመለሰ። ብኸይታ ስልሳ ዓመት ያህል ኖረች፤ ቀኝ እጇ አልዳነም።